ወደ ቻይና ለሚሄድ ሰው አንድ ገጽ አማርኛ ይዘጋጅልን

ለኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣

የመርካቶ ነጋዴ ነኝ። የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ አስመጣለሁ። ዕቃዬን የምገዛው ከሻንጋይ ብዙ ሳይርቅ፣ በሻውሺንግ ከተማ ኬቺያው ከሚባለው የጨርቅ ገበያ ስለሆነ፣ ወረርሽኙ መንገድ የዘጋባቸው ዓመታት ሳይቆጠሩ፣ በዓመት አንዴም ሁለቴም ወደዚያ እመላለሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በቻይና ከተሞች ጎዳና ላይ የውጭ አገር ሰው እየተከተሉ ስለሚጎተጉቱ፣ ስለሚጋብዙና ስለሚያግባቡ ሰዎች፣ የእኛም ሰው በእጃቸው እንዴት እንደሚወድቅ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ አፍሮ፣ ዝም ብሎ ለሚመለሰው ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

በመጀመሪያ ጉዞዬ ከበረራዬ በፊት አንድ ቀን ተረፈኝና ሻንጋይን ልይ ብዬ ወጣሁ። ናንጂንግ መንገድ የሚባል፣ ከሕዝብ አደባባይ ተነስቶ ወደ ሁዋንግፑ ወንዝ ዳርቻ የሚወስድ ትልቅ የገበያ ጎዳና አለ፤ መኪና በማይገባበት በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ይፈስበታል። መቶ እርምጃ እንኳ ሳልራመድ አንድ ሰው የቦርሳና የሰዓት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ካርድ ከፊቴ ዘረጋ። እምቢ ብዬ አለፍኩ፤ ተከተለኝ። ሌላ መጣ። ሦስተኛው ክንዴን ያዘኝ። እነዚህን ማለፍ ለእኔ ከባድ አልነበረም፤ መርካቶ ያደገ ሰው ደላላን ማለፍ ያውቅበታል።

ከእነርሱ ቀጥለው የመጡት ግን ደላላ አይመስሉም። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ፣ ንጹሕ የለበሱ፣ ተማሪ የሚመስሉ ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የለመኑኝ ሦስቱን አንድ ላይ ፎቶግራፍ እንዳነሳቸው ነው። አነሳኋቸው። ከየት መጣሽ አሉኝ፤ ኢትዮጵያ ስላቸው ስለ ቡናችን ጠየቁኝ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ለዕረፍት እንደመጡ፣ እንግሊዝኛቸውን መለማመድ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሹሩባዬን አደነቁ። ልጆች እንዳሉኝ ሲጠይቁ የልጆቼን ፎቶ አሳየኋቸው። እንዲህ እየተጨዋወትን ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄድን በኋላ አንደኛዋ፣ ባህላዊ የሻይ ሥርዓት ልናይ ነው፣ አብረሽን ነይ አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ አገር ቡና ድረሺ ተብላ እምቢ የምትል ሴት የተጣላች ሴት ናት። የልጆቼን ፎቶ አይታ ስማቸውን የጠየቀችኝን ልጅ ምን ብዬ እመልሳታለሁ? ሄድኩ።

ቤቱ በአንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮት በሌለው ትንሽ ክፍል አስቀመጡን። ባህላዊ ቀሚስ የለበሰች አስተናጋጅ ስድስት ዓይነት ሻይ አንድ በአንድ እያፈላች፣ ከእኛ ሲኒ ግማሽ በማይሞላ ስኒ ቀዳችልን። ስለ እያንዳንዱ ሻይ ታሪክ ነገረችን፤ ልጆቹ እየተረጎሙ ያስረዱኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ ለእኔ የደረሰው ድርሻ 1,350 ዩዋን ሆነ። ዋጋው ለየሻዩ፣ ለየሰዉ፣ ለክፍሉም ጭምር ተቆጥሮ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ሦስቱ ልጆች ምንም ሳይገርማቸው የየራሳቸውን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

የጨረሰኝ እርሱ ነው። ተማሪ ከፍሎ እኔ ነጋዴዋ ልከራከር? ለልጆቼ ጫማና ለሻንጣዬ ትርፍ ክብደት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አውጥቼ ከፈልኩ። በር ላይ ተቃቅፈን ተለያየን። ማታ ሆቴሉ ውስጥ አንድ ናይጄሪያዊ ነጋዴ ነው የነገረኝ፤ ልጆቹ የከፈሉት ተመልሶ ይሰጣቸዋል፣ ከእኔ ኪስ ከወጣውም ድርሻ አላቸው። በእርሱም አንድ ጊዜ ደርሶበታል።

ይህን ለሁለት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም ጭምር። በኋላ አንድ ቀን መርካቶ ውስጥ፣ ሱቅ ጎረቤቶቼ ጋር ቡና ላይ ስናወራ ሳላስበው አወጣሁት። ከስድስታችን ሁለቱ አቀርቅረው ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ የእኔም እንደዚሁ ነበር አለች። ሌላው በቤጂንግ፣ ዋንግፉጂንግ በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነን ያሉ ልጆች የሥዕል ትርኢት እናሳይህ ብለው ወስደውት፣ ለመምህራቸው ክብር ብሎ ሥዕል ገዝቶ ነው የተመለሰው። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ አለ። ለዚህ ነው ይሉኝታችን እንደሚያስይዘን አስረግጬ የምጽፍላችሁ። ስስት ወይም ሞኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። ሰላም ያለንን ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ሆኖብን፣ የጋበዘንን ሰው ሒሳብ መጠየቅ ከዚያ የባሰ ነውር ሆኖብን ነው።

ሌሎቹን መልኮች በአጭሩ ልናገር። በቤጂንግ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት አካባቢ የባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነጂ ሦስት ጣቱን ያሳያል፤ ተሳፋሪው ሦስት ዩዋን መስሎት ይወጣል፣ ሲወርድ 300 ይባላል። በየአየር ማረፊያውና በየባቡር ጣቢያው መውጫ ላይ ታክሲ፣ ታክሲ እያሉ ሻንጣ የሚቀሙ ፈቃድ የሌላቸው ሾፌሮች አሉ፤ ሕጋዊው የታክሲ ሰልፍ ግን እዚያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። በጓንግዡ፣ አፍሪካውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት በሺያውቤይ ሠፈር፣ ገንዘብ እንመንዝር እያሉ መንገድ ላይ የሚጠሩ አሉ፤ ሐሰተኛ ባለ 100 ዩዋን ኖት ቀላቅለው የሰጧቸውን ሰዎች አውቃለሁ። በሆቴል በር ሥር የሚንሸራተቱ የማሳጅ ካርዶችም አሉ። በዚያ በኩል የተጎዱ ወንዶች ወንድሞቻችን የሚከፍሉት ከእኔ ብዙ ይበልጣል፤ ዝምታቸውም እንዲሁ።

ካርድ ይዘው የሚከተሉት ሰዎች ዛሬ እኔ መመላለስ በጀመርኩበት ጊዜ እንደነበሩት አይበዙም። ሰዉ ሁሉ መልእክትም በሚለዋወጥበት በዊቻትና በአሊፔይ በስልኩ ስለሚከፍል ጥሬ ገንዘብ ከኪስ ማውጣት ቀርቷል። ነገር ግን የሚያግባባው ሰው አልጠፋም። ፎቶ እንነሳ ብሎ የጀመረው ልጅ አሁን የዊቻት አድራሻሽን ስጪኝ ይላል፤ ግብዣው ማታ ላይ በስልክ ይመጣል።

ይህ የቻይናውያን ጠባይ ነው ብዬ እንዳልጻፍኩ ይታወቅልኝ። ኬቺያው ውስጥ ሆዴን ሲያመኝ ሱቋን ዘግታ መድኃኒት ቤት ድረስ የወሰደችኝ፣ ሒሳቡንም ከእኔ ያልተቀበለች ሴት ደንበኛዬ ናት። ፎቶ እንነሳ ከሚሉት ልጆች ብዙዎቹም ከልባቸው ናቸው፤ ጥቁር ሰው በቅርብ አይተው አያውቁም፣ ማውራት ይፈልጋሉ። እኛም ብንሆን ላሊበላ ላይ እንግዳን ከአውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ስንከተል፣ አዲስ አበባ ላይ የመንገድ ሥራ ሠራተኛውን ቻይና! ቻይና! እያልን ስንጠራ፣ እርሱም በአገሩ ሆኖ ደብዳቤ ቢጽፍብን የምንመልሰው አይኖረንም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ጎዳናው ላይ የሚደርሰው ነገር በቻይና ሕግ የተፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ ጸጥታ አስተዳደር ቅጣት ሕግ፣ ሰውን አስገድዶ ዕቃ መሸጥን ወይም አገልግሎት እንዲቀበል ማስገደድን በእስርና በገንዘብ ይቀጣል፤ ሙጭጭ ብሎ እየተከተሉ መለመንም በዚያው ሕግ ያስጠይቃል። የፖሊስ ስልክ 110 ነው። የሸማቾች አቤቱታ በ12315፣ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርብ ደግሞ በ12345 ይደወላል። ፋፒያው የሚሉት ሕጋዊ ደረሰኝ አለ፤ የሻጩ ስምና የግብር መለያ ቁጥር ያለበት ስለሆነ አጭበርባሪ ቤት መስጠት አይወድም፣ መጠየቁ ብቻ አንዳንዴ ዋጋውን ያወርደዋል። ከፖሊስ ጋር ወደ ሻይ ቤቱ ተመልሰው ገንዘባቸውን ያስመለሱ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከአምስተኛ ጉዞዬ በኋላ ነው።

ቢያውቅም የማይደውል ሰው ግን አለ፤ በጣም የምታዝኑለት ይህኛው ይመስለኛል። በቻይና ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን ይዞ መንቀሳቀስ አለበት። ሆቴል ካላረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ወይም ያሳደረው ሰው ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ቪዛው ካለፈ ቅጣቱ በቀን 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000 ዩዋን ነው፤ እስርም ሊመጣ ይችላል። ዘመድ ቤት አርፎ ምዝገባውን የረሳ ነጋዴ፣ ቪዛው በሦስት ቀን ያለፈበት ተማሪ፣ አጭበርባሪው አንገቱን ቢይዘው እንኳ 110 አይደውልም። ወረቀቱ የተስተካከለለትም ቢሆን ቋንቋ ስለማይችል ፖሊስ ጣቢያ መግባት ይፈራል። የሚጎተጉቱት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል።

የእንግሊዝ መንግሥት ለዜጎቹ በሚያወጣው የጉዞ ምክር የሻይ ቅምሻና የማሳጅ ማጭበርበር በስም ተጠቅሶ፣ ቤጂንግና ሻንጋይም ተጠርተው ይገኛሉ። እንግሊዛዊው በቋንቋው አንብቦ ይሄዳል። ከሚኒስቴሩ የምለምነው ለእኛም በቋንቋችን እንዲህ ያለ አንድ ገጽ እንዲዘጋጅልን ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ። መጽሐፍ አይሁን፤ ታጥፎ ፓስፖርት ውስጥ የሚገባ ይሁን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ከጀመረ፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወረቀቱ ቦሌ ላይ የጓንግዡና የሻንጋይ በረራ በሚጠበቅበት በር ቢቀመጥ ነጋዴው ሁሉ ያገኘዋል። ስልክ ቁጥሮቹ በትልቁ ይጻፉበት። ፖሊስ ይጠራልኝ፣ ደረሰኝ እፈልጋለሁ የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በቻይንኛ ፊደል ይታተሙበት፤ ሰውየው ማንበብ ባይችልም ያሳያቸዋል። ስለ ምዝገባውና ስለ ቪዛው ቀን ያለውም ይግባ፣ የሚያስፈራን እርሱ ነውና። በቤጂንግ ኤምባሲያችንና በጓንግዡ ቆንስላ ጄኔራላችን ደግሞ ማታም ቢሆን በአማርኛ የሚያነሳ አንድ ስልክ ቢኖር፣ ፖሊስ ጣቢያ ለቆመው ሰው አስተርጓሚ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየናው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ዜጎችን መርዳትን ከቆንስላ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል።

ስለ ወረቀቱ ይዘት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሰላም ለሚላችሁ ሰው አትመልሱ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ካርድ ይዞ ለሚከተል ቡ ያው፣ አልፈልግም ማለት ነው፣ አንዴ ብሎ ሳይቆሙ መራመድ ይበቃል፤ ይህ ይጻፍ። ሊያወራ ለመጣ ሰው ግን የምጠቀምበትን መላ እነግራችኋለሁ። እንጨዋወታለን። ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ እሺ እላለሁ፤ ቤቱን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ዋጋው ግድግዳ ላይ የተጻፈበት፣ ከመንገድ የሚታይ፣ ሰው የሞላበት ቤት አሳያቸውና እኔ ልጋብዛችሁ እላለሁ። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ከሁለት ተማሪዎች ጋር የወተት ሻይ ጠጥተን፣ ከአንደኛዋ ጋር እስከ ዛሬ በበዓል በበዓል መልእክት እንለዋወጣለን። ሌላ ጊዜ የመጡት ልጆች ቤቱን ሳሳያቸው ቀጠሮ አለን ብለው ሄዱ። ይሉኝታዬንም ልጆቹንም ሳልበድል ማን ማን እንደሆነ አወቅኩ።

በጓንግዡ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርኢት በጸደይና በመኸር ይከፈታል፤ የመኸሩ በእኛ ጥቅምት ላይ ይውላል። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችው ልጅ፣ የእናቷን ሱቅ የተረከበች፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች። ይህን ሁሉ ለእርሷ ቁጭ ብዬ ነግሬያታለሁ፣ እርሷም በደብተር ጽፋዋለች። በዚያው አውሮፕላን ውስጥ የሚቀመጡት ሌሎቹ የሚነግራቸው ጎረቤት ላይኖራቸው ይችላልና ገጹ ከትርኢቱ በፊት ቢደርስልን እለምናለሁ። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ተመላላሽ ነጋዴዎችን መጠየቅ ብትፈልጉ እኔም ጎረቤቶቼም፣ ሥዕሉን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውም ጭምር፣ በተጠራንበት ቀን እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የመርካቶ የጨርቅ ነጋዴ