ፍልሰታ ሲፈታ ይምጡ፦ ከፍራንክፈርት ለአባቴ የተጻፈ

ፍራንክፈርት፣ ሚያዝያ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም የእግዚአብሔር ስሙ ይመስገንና ደኅና ነን። ጉልበትዎ ከአምናው ሻል ማለቱን ከደብዳቤዎ ስረዳ እጅግ ደስ ብሎኛል። በዚሁ ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠይቀውኛል፤ አንደኛው በየትኛው ወር ቢመጡ እንደሚሻል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጀርመኖች ከሥራ በቀር በዓል የሚባል ነገር ያውቁ እንደሆነ ነው። ሁለተኛውን ሲጽፉ ፈገግ እያሉ እንደነበር ቢገባኝም፣ የአንዱ መልስ በሌላው ውስጥ ስላለ ሁለቱንም በአንድነት እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ይያዙልኝ።

አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። ወንድሜ እንዳለው በሰኔ ሳይሆን ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በፈረንጆቹ የኦገስት ወር የመጨረሻዎቹ ቅዳሜና እሑድ እዚህ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ጾሙን በቤትዎና በደብርዎ ጾመው፣ ቡሄንም ከልጅ ልጆችዎ ጋር ውለው ይመጣሉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር ተቀምጠው ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ጎንደር ይደርሳሉ።

ጀርመኖችን ከኅዳር እስከ መጋቢት ብቻ ያየ ሰው እርስዎ የጠየቁትን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በእነዚያ ወራት ሰው ሁሉ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ይሮጣል፤ በታኅሣሥማ ጨለማው ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል። በሰኔ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ ያው ሕዝብ ሌላ ሕዝብ ሆኖ ከየቤቱ ይወጣና በየአደባባዩ፣ በየመናፈሻውና በማይን ወንዝ ዳርቻ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ላይ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ሲበላና ሲጠጣ ይታያል። ለእርስዎ በዓል ማለት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚታደርበት ጥምቀት መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚህ አገር በዓል ግን አብዛኛው ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ያበቃል፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የጎረቤትን እንቅልፍ መጠበቅ በሕግ የታዘዘ ነውና። ሙዚቃው ከዚያ አልፎ እንዲሰማ የሚፈልግ አዘጋጅ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እንግዲህ በሥርዓት የሚከበር ደስታ ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት ብዙ ወገኖቻችን አሉ፣ እኔ ግን ልጆች ካደጉልኝ ወዲህ ወድጄዋለሁ።

የበዓላቱ ወቅት መጀመሪያ የእነርሱ ጰራቅሊጦስ ነው፤ ቀኑም ከእኛው ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከጰራቅሊጦስ እሑድ በኋላ ባለው ማክሰኞ ፍራንክፈርቶች ከከተማው በስተ ደቡብ ወዳለው ደን ይወጣሉ፤ ዕለቱን ቬልድሸስታግ፣ የትንሿ ጫካ ቀን፣ ይሉታል። ይህን ደን ከተማዋ በ1372 ከንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛ ላይ በገንዘብ ገዝታዋለች፤ እስከ ዛሬም የከተማዋ ሀብት ነው። ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ ይዘጉ እንደነበር ሽማግሌዎቻቸው ይናገራሉ፤ የከተማው ሰው እየቀለደ «ብሔራዊ በዓላችን» የሚለው ስለዚህ ነው። ዛሬ ግን ከበዓሉ የሚበዛው የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻ፣ የተጠበሰ ቋሊማና ከልክ በላይ የሚጮኽ ሙዚቃ ሆኗል። ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ፤ እርስዎን ግን ለዚህ ብዬ ከጎንደር አላስመጣም።

ከዚያ ወዲያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በፓልመንጋርተን፣ ማለትም በከተማው ትልቅ የዕፀዋት መናፈሻ፣ ከ1959 ጀምሮ በየበጋው የጃዝ ሙዚቃ በሜዳ ላይ ይቀርባል። በጉንተርስቡርግ መናፈሻ ደግሞ አንድ አነስተኛ ቲያትር ቤት ለሳምንታት መድረኩን ወደ ሣሩ ላይ ያወጣል፤ መግቢያ አይከፈልም፣ የፈቀደ ሰው በመጨረሻ የአቅሙን ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ ለእርስዎ የሚሆነው በምዕራብ በኩል ያለው የሆኽስት ሰፈር በዓል ነበር። ሆኽስት እስከ 1928 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆን፣ ከ1957 ጀምሮ በአሮጌው ግንብ ዙሪያ በዓል ታደርጋለች። በዚያው አቅራቢያ በ850 ገደማ የተሠራ የቅዱስ ዩስቲኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በሦስት መቶ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አለው ማለት ነው። በዓሉ ቢያልፍዎትም ቤተ ክርስቲያኑ አይሄድብንምና አንድ ቀን ወስጄ አሳይዎታለሁ።

በኦገስት መጀመሪያ የሚውለው የማይን ወንዝ በዓል ግን እንደ እርስዎ ላለ የታሪክ አስተማሪ ሲባል የተዘጋጀ ይመስላል፤ ችግሩ ወደ ፍልሰታ መቃረቡ ነው። በዓሉ ሲከፈት በሮመርበርግ አደባባይ መካከል ባለው የፍትሕ ምንጭ ላይ ከውኃ ይልቅ የወይን ጠጅ ይፈስሳል። ይህ የዘመኑ ነጋዴዎች ብልኃት ሳይሆን ከነገሥታቱ ጊዜ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። በ1356 የወጣው የወርቅ ማኅተም ያለበት ድንጋጌ የጀርመን ንጉሥ በፍራንክፈርት እንዲመረጥ ደነገገ፤ ከ1562 በኋላም ዘውድ የሚደፋው በአብዛኛው እዚሁ ነበር። የዘውዱ ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ሙሉ በሬ በአደባባዩ ይጠበሳል፣ ከምንጩ የወይን ጠጅ ይወርዳል፣ ሕዝቡም እየተጋፋ ከሁለቱም ይቃመሳል። የከተማዋ ልጅ የሆነው ባለቅኔ ጎተ በ1764 የዳግማዊ ዮሴፍን ዘውድ በልጅነቱ አይቷል። የመጨረሻው ዘውድ በ1792 ተደፋ፤ የበሬው ግብር ቀርቶ ወይኑ ብቻ እስከ ዛሬ ዘለቀ። በአደባባዩ ምሥራቃዊ ወገን የሚያዩአቸው የእንጨትና የጭቃ ቤቶች የጥንት ቢመስሉም፣ አሮጌው ከተማ በመጋቢት 1944 በአየር ድብደባ ስለወደመ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ቀድሞው ሆነው እንደገና የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሙዚየም ዳርቻ በዓል የሚባለው በኦገስት መጨረሻ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በማይን ወንዝ ግራና ቀኝ የሚከበረው ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የምትታወቀው በባንክና በንግድ ትርዒት ነበር፤ እርስዎም አንድ ጊዜ በስልክ «ገንዘብ የሚቆጠርበት አገር» ብለዋታል። ከ1970 እስከ 1990 የከተማዋ የባህል ኃላፊ የነበረው ሂልማር ሆፍማን ግን ባህል ለተማረና ለሀብታም ብቻ ሳይሆን ለሁሉ ነው ብሎ ተነሣ፤ ባንኮቹ የሚከፍሉትንም ግብር ተመክቶ በወንዙ ደቡባዊ ዳር የነበሩትን የባለጸጎች ቪላዎች እየያዘ፣ አጠገባቸውም አዳዲስ ሕንፃ እያስገነባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሙዚየም ሰልፍ አቆመ። በ1984 የፊልምና የሥነ ሕንፃ ሙዚየሞች፣ በ1985 የእጅ ጥበብ ሙዚየም አዲስ ሕንፃ ተከፈቱ። በዓሉ የተጀመረው በ1988 ሲሆን፣ በሦስት ቀን ውስጥ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ይመላለስበታል፤ የከተማዋ ነዋሪ አንድ ሚሊዮን እንኳ እንደማይሞላ ያስታውሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ የደረት ምልክት ይገዛል፤ እርሷን ልብስ ላይ የሰካ ሰው በሦስቱም ቀናት በበዓሉ ወደሚሳተፉት ሙዚየሞች ሁሉ ይገባል። በውጭ ደግሞ በሁለቱም ዳር መድረኮችና ድንኳኖች ይደረደራሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማዋ ነዋሪ ራሱ ወይም ወላጁ ከሌላ አገር የመጣ በመሆኑ፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲሄዱ የማያውቁት የወጥ ሽታ ይቀበልዎታል። በወንዙ ላይ የዘንዶ ራስ ያላቸው ረጃጅም ጀልባዎች በከበሮ ምት እየተቀዘፉ ይሽቀዳደማሉ፤ የልጅ ልጆችዎ ከሁሉ የሚወዱት ይህንን ነው። መጠጥ ሲገዙ ለብርጭቆው የሚከፍሉት ማስያዣ አለ፤ ብርጭቆውን ሲመልሱ ገንዘቡ ይመለሳል። የአገሬው መጠጥ ከፖም የሚጠመቅ ሲሆን፣ ግራጫ ላይ ሰማያዊ ሐረግ በተሣለበት የሸክላ ማንቆርቆሪያ፣ ቤምብል በሚሉት፣ ይቀርባል። ጎምዛዛ ነው፤ የለመደው ግን ከጠላ አያሳንሰውም።

ትዝብቴን ልናገርና፣ ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ለመብልና ለመጠጥ የሚሰለፈው ወደ ሙዚየም ከሚገባው ይበዛል። የምግቡም ዋጋ ከሌላው ቀን በግልጽ ይወደዳል። ለእኛ ግን ይህ ጠቃሚ ነው፤ ውጭው በሰው ሲጣበብ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለና የሚቀመጡበት ያለው ስለሚሆን። ስለዚህ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ግፊያው ሳይጀምር፣ በቀጥታ ወደ ሽቴደል እንሄዳለን። ይህ ሙዚየም ሽቴደል የተባለ ያላገባና ልጅ ያልወለደ ነጋዴና ባንከኛ በ1815 በጻፈው ኑዛዜ ሥዕሎቹን፣ ቤቱንና ገንዘቡን ለሕዝብ በመተዉ የተቋቋመ ነው። በውስጡ ሬምብራንት በ1636 የሣለው፣ ፍልስጥኤማውያን የሶምሶንን ዐይን ሲያወጡ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ደሊላ የተቆረጠውን ጠጉር በእጇ ይዛ ስትሸሽ ይታያል። መጽሐፈ መሳፍንትን ቆመው ሲያነቡልን ላደግን ልጆች ሥዕሉ ማብራሪያ አያሻውም። ከዚያ በወንዙ ዳር ወደ ምሥራቅ፣ በአሮጌው ድልድይ አጠገብ፣ የቴውቶን ባላባቶች በተባለው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር አሮጌ ቤት ውስጥ የቅዱሳት ሥዕላት ሙዚየም አለ። ከ1990 ጀምሮ የቆመ ሲሆን የሩሲያና የግሪክ ኦርቶዶክስ ሥዕላት ይገኙበታል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው በበዓሉም ቀን ቢሆን ጸጥ ያለ ነው።

ለእርስዎ ያስቀመጥሁት ሌላ ነገርም አለ። ፍራንክፈርት ከአገራችን ጋር ያላት ትውውቅ ከእኛ ስደት የቆየ ነው። ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ የተማረው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 ያሳተመው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ በ1704 ያረፈውም እዚሁ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ በሰሜን ተራሮች ዞሯል፤ በጎንደርም ተቀምጧል። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ ያስተዋወቀ እርሱ ነው፤ የሰበሰባቸውንም እንስሳት ለዚህ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ ለዜንክንበርግ፣ አስረክቧል። ሙዚየሙ ከወንዙ ዳር ራቅ ስለሚል ለሰኞ ወይም ለማክሰኞ እናቆየዋለን። ተማሪዎችዎን ስለ እነዚህ ሰዎች ሲያስተምሩ፣ እነርሱ የኖሩበትን ከተማ በዐይንዎ ማየትዎ ተገቢ ነው።

ስለ ግፊያው እንዳይሰጉ። በበርሊን በ2016 በከባድ መኪና ከደረሰው ጥቃት ወዲህ እንዲህ ባለ በዓል ላይ መኪና እንዳይገባ መንገዶቹ በከባድ መሰናክል ይዘጋሉ፤ ፖሊስና የቀይ መስቀል ሠራተኞችም በየቦታው አሉ። ለጉልበትዎ የምትታጠፍ ቀላል ወንበር ገዝቼ አስቀምጣለሁ፤ እኔ እይዛለሁ፣ እርስዎ በፈለጉት ቦታ ይቀመጣሉ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሳንቆይ ጀልባዎቹን አይተን እንመለሳለን።

የቀረው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የዋስትናውን ሰነድ ከዚህ መሥሪያ ቤት አውጥቼ እልካለሁ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም እኔው እገባለሁ። የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሚቀበሉ፣ ቀጠሮው እስኪገኝ የሚወስደውን ጊዜ አስበን ከወዲሁ ብንጀምር ይሻላል። ፓስፖርትዎ ከሚመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆኑን እኅቴ ትመልከትና የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ዘርዝሮ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁልኝ። በቀኑ ከተስማሙ ቲኬቱን በዚህ ወር ውስጥ እቆርጣለሁ፤ አዲስ አበባ ድረስ የሚሸኝዎትንም ሰው ከወንድሜ ጋር እነጋገርበታለሁ።

እማማን፣ እኅቶቼንና ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

አክባሪ ልጅዎ