ክቡር ሚኒስትር፣ የጣና መርከቦች የት ይጠገናሉ?

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በጣና ዳርቻ የመርከብ መጠገኛ ስለማቋቋም

ክቡር ሚኒስትር፣

ጣና ነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነስታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና ባሕር ዳር ስትደርስ ሕዝቡ ያደረገላትን አቀባበል ሁላችንም አይተናል። መርከብን ያን ያህል መንገድ በየብስ አጓጉዞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ሐይቅ ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የደከሙበት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን እልልታው ካበቃ በኋላ ያለው ነው። የመርከቧ ሆድ የሚመረመርበት ጊዜ ሲደርስ በምን ከውኃ ትወጣለች? ማንስ ይጠግናታል?

በመርከብ ሞተር ክፍል የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ቢያስቀድም አይፈረድበትም። መርከብን የሚጎዳው በአብዛኛው ከውኃ በታች ያለው፣ ተሳፋሪ የማያየው ነው። በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ የመንገደኛ መርከብ ሆድ በየዓመቱ ይመረመራል፤ የጭነት መርከብም በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ። መርከቡ ሲወጣ ሠራተኛው ቀለሙን ፍቆ የውፍረት መለኪያውን በብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ያገኘውን ቁጥር እዚያው በጠመኔ ይጽፈዋል። ስምንት ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት አምስት ሆኖ ከተገኘ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። የፕሮፔለሩ (መርከቡን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ዘንግ ማሸጊያና የመሪው መያዣም የሚታዩት ያን ጊዜ ነው።

ጣና ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በጨው ውኃ ለሚሠራ መርከብ ብረቱን ከዝገት እንዲያድኑ የዚንክ ቁራጮች ከሆዱ ይታሰራሉ፤ ዝገቱ ብረቱን ትቶ እነሱን ይበላል። ጨው አልባ በሆነ ውኃ ግን ዚንክ በወጉ አይሠራም፤ ተመራጩ ማግኒዚየም ነው። እምቦጩም አለ፤ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ሁሉ ሐይቁን የሚያውቅ የጥገና ቡድን እንጂ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚመለስ የውጭ ባለሙያ አይከታተለውም።

ጎረቤቶቻችን ምን እንዳደረጉ እንመልከት። የታንጋኒካ ሐይቋ መርከብ ሊምባ በጀርመን አገር በ1913 (እ.ኤ.አ.) ተሠርታ፣ ተፈታትታና በሳጥን ተጭና ታንዛኒያ ውስጥ ወዳለችው የሐይቁ ወደብ ኪጎማ ደረሰች፤ እዚያም ተገጣጥማ ሐይቁ ላይ ዋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ብትደረግም ከዓመታት በኋላ ወጥታ ታድሳለች፤ እስከዚህ ክፍለ ዘመንም ሰው ስታጓጉዝ ኖራለች። ኬንያም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ኪሱሙ ላይ መርከብ መሥሪያዋን አጠናክራ ኡሁሩ ሁለት የተባለችውን መርከብ እዚያው ገንብታለች። እኛ ባሕር ባይኖረንም፣ ሐይቅ ዳር መርከብ ለመጠገን ባሕር አያስፈልግም።

ባለሙያ የለንም እንዳይባል፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ የመርከብ መሐንዲሶችን እያሠለጠነ በውጭ መርከቦች ላይ ያሰማራል። ልጆቻችን የሰው አገር መርከብ ሞተር ፈትተው ይገጥማሉ፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ያኮራኛልም፣ ያበሳጨኛልም።

የምጠይቀው መርከብ ገብቶ ውኃው የሚመጠጥበት ግዙፍ የመጠገኛ ገንዳ (ድራይ ዶክ) እንዲቆፈር አይደለም። ከዳርቻው ወደ ውኃው የሚገባ ሐዲድ፣ መርከቡን የሚሸከም ጋሪ፣ ጋሪውን በገመድ የሚጎትት ብርቱ ዊንች፣ የብየዳና የማሽን ሥራ ክፍል ለጅምሩ ይበቃሉ። ሐዲዱ ግን ወደ ውኃው ራቅ ብሎ መግባት አለበት። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውኃ ክፉኛ በቀነሰ ጊዜ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበረ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው፤ በክረምቱ ልክ የተሠራ ሐዲድ በበጋ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ከመጠገኛው የሚወጣው ዘይትና የቀለም ፍቅፋቂም ዓሣ ወደሚጠመድበት ውኃ እንዳይገባ ከንድፉ ጀምሮ ይታሰብበት።

ስለዚህ መሥሪያ ቤትዎ ለሐይቁ አዲስ መርከብ ሲገዛ የመጠገኛውን በጀት አብሮ እንዲይዝ፣ የአካዳሚው መምህራን በቦታ መረጣው እንዲሳተፉ፣ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንም በሐይቆቻችን ላይ ለሚሠሩ የመንገደኛ መርከቦች የሆድ ምርመራ የሚደረግበትን ጊዜና ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ምላሽዎንም በይፋ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመርከብ መሐንዲስ