ፌሪውን ለምን ዘለላችሁት?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ሳንፍራንሲስኮ ድልድዮች ያወጣችሁት አሪፍ ነው ግን ፌሪው (ሰው የሚያሻግረው ጀልባ) የት ሄደ? ሳንፍራንሲስኮን ከኦክላንድ የሚያገናኘው ቤይ ብሪጅ በፈረንጆቹ 1936፣ ጎልደን ጌት ደሞ 1937 ከመከፈታቸው በፊት እኮ ከኦክላንድ ባህሩን የሚሻገረው ሰው በጀልባ ነበር፣ የሳንፍራንሲስኮው የጀልባ ጣቢያ ፌሪ ቢልዲንግም 1898 የተከፈተው ለዚሁ ነው። ድልድዩ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ዞረና ጀልባውን እርግፍ አድርጎ ተወው፣ የኦክላንዱ መስመር 1958 ላይ ጭራሽ ቆመ። የሚገርመው 1989 የመሬት መንቀጥቀጡ የቤይ ብሪጅን አንድ ክፍል ጥሎት ድልድዩ ለአንድ ወር ሲዘጋ ያ የተናቀ ጀልባ ተመልሶ መጣ፣ ይኸው እስካሁን ይሰራል። እኛ ቴሌግራፍ ጎዳና አካባቢ ያለን ሀበሾች ግን (እኔን ጨምሮ) ትራፊኩን እየተራገምን መኪና ውስጥ እንቀመጣለን። በሚቀጥለው እትም የድሮዎቹን ጀልባዎች ፎቶ ብታወጡልን ደስ ይለናል።

አንባቢያችሁ፣ ከኦክላንድ