አደይ አበባን አይታችሁ ሳሉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአዲስ ዓመት እትማችሁ የፊት ገጽ ላይ የሳላችኋት ቢጫ አበባ ቆንጆ ናት። ግን አደይ አበባ አይደለችም። የአበባዋ ቅጠል አምስት፣ ግንዷ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ሱፍ አበባ ቅጠል ሰፋፊ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን በሬሳ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ የቆጠርኳቸው አብዛኞቹ ስምንት አላቸው፣ አልፎ አልፎ ሰባትም አይቻለሁ፤ የግንዱ ቅጠል ቀጫጭንና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የካሮት ቅጠል ይመስላል። ሰው ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ዕድሜ ልኬን አምስት አድርጌ ስስላት የኖርኩ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐኪም «በእግርህ ሂድ» አለኝ። ዝም ብሎ መሄድ ሲሰለቸኝ የልጄን ትርፍ ደብተር ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ባለ መስመር ደብተር ነው፣ አትሳቁብኝ። ዘዴዬ ቀላል ነው። አንድ ቦታ እመርጣለሁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እመለሳለሁ፣ ያየሁትን እስላለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጩ ሳሩን አንጥፎት ስትደርሱ ቢክ እስክሪብቶ ወገቤን ይላል፣ ስለዚህ እርሳስ ነው የሚሻለው። ሐምሌ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይረጥባል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይሸሸኝ ነበር። አንዲት እናት ከኮሶ ዛፍ ሥር ደብተር ይዤ ቁጭ ብዬ አይተውኝ መጡና፣ «ልጄ፣ መሬት ልትለኩ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ዛፉን እየሳልኩ ነው።» «ዛፉማ የት ይሄዳል ብለህ ነው!» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ኅዳር ላይ ዛፉ ሲያብብ ግን ራሳቸው መጥተው ደብተሬን ገለጡ። ቀይ የተንዘረፈፈ አበባ ነበር የሳልኩት። «ይሄ ሴቴው ነው። ወንዴው ነጣ ይላል፤ ማዶ ያለውን አላየኸውም? መድኃኒቱ የሴቴው ነው።» ሁለቱን ዛፎች አንድ ዓይነት አድርጌ ነበር ስስል የከረምኩት።

የመስቀል ወፍም እንዲሁ አታላኝ ነበር። መስከረም መጥታ የምትጠፋ ነው የሚመስለን። አትጠፋም። ወንዱ በመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ይለብስና ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ መንጋ ይለይ አይለይ ይሆናል። እኔ ኅዳር ላይ ሥዕሌ ውስጥ «ድንቢጥ» ብዬ የጻፍኩባት አንዷ፣ አሁን ምንቃሯን ሳየው ድንቢጥ አትመስለኝም።

ስለ ወቅቶችም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ልጆች «አራቱን ወቅቶች ሳሉ» ሲባሉ በረዶ የሸፈነው ቤትና ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ይስላሉ። ከየት አመጡት? ከሥዕል ነዋ። ትልልቆቹም ብንሆን አበባ ስናይ ወቅቱን «ፀደይ» እንላለን፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፣ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ደግሞ በልግ የሚባል ነገር አለ፣ የበልግ ገብስ የሚዘራበት፤ ዝናቡ ሲመጣ ሌላው አገር በጋ ነው ሲል እኛ ጋ መሬቱ አረንጓዴ ይሆናል። እሱን የሳለ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሩቅ ሳልሄድ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ፣ በአንኮበር ስም የተጠራች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ለሳይንስ የተገለጸችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማለትም አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ ሆኖ፣ የውጭ ልዑካን ሲመላለሱበት ቆይቶ፣ ያ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ። መልኳ ጭረት ጭረት ያለበት ቡናማ ነው፣ ዓይን አትስብም። እረኛው ግን ድሮም ሳያያት አልቀረም።

ጥያቄዬ አጭር ናት። በወር አንዴ ከጋዜጣችሁ ጥግ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ስጡንና አንባቢ ከሰፈሩ የሳለውን ከነቀኑና ከነቦታው ያውጣ። ከመንዝ ጓሳ ሳሩንና ቀይ ቀበሮውን የሚልክ አይጠፋም፣ ከጣርማ በር ጉሙን፣ ከወፍ ዋሻ ጫካ ጥዱን። ጥሩ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፣ የእኔን ስታዩ ይገባችኋል።

የሳልኳትን አደይ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። አንዱ ጎን ላይ የተለጠፈው ቅጠል እውነተኛ ነው። መሃሏ ላይ የተረጨው ደግሞ ዝናብ ነው፣ ስል ዶፉ መጣብኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን