ክትባት ላይ ጭንቅላቱንም እዩልን

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

አራት ኪሎ የምኖር እናት ነኝ። ጥያቄዬ ብዙ በጀት የሚበላ አይደለም። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ለክትባት ሲመጡ፣ ነርሷ የጭንቅላታቸውን ቅርጽና አንገታቸውንም ትይልን።

የልጄ ጭንቅላት ከኋላ በቀኝ በኩል ጠፍጠፍ ብሏል። ጡት ሲጠባም ሲተኛም ወደዚያው ነው የሚዞረው። ጤና ጣቢያ ስወስደው መዘኑት፣ ጭኑን ወጉት፣ ካርዱ ላይ ጻፉ፣ በቃ። ስጠይቅ «ሲያድግ ይስተካከላል» አሉኝ። ሰፈር ደግሞ ቅቤ ይዘው «እንሸው» የሚሉ አሉ። (እባካችሁ፣ የሕፃን ጭንቅላት አይታሽም!)

የሕፃን የራስ ቅል ገና ለስላሳ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ጎን ከተኛ ያ ጎን ይጠፈጠፋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንገት ጡንቻ መኮማተር ነው፤ ልጁ ወደ ሌላው ጎን ለመዞር ይቸገራል። ይሄ ደግሞ ቶሎ ከታየ በቀላል የአንገት እንቅስቃሴ ይሻሻላል።

ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያላቸው ሕፃናት ላይ የእንቅስቃሴ እድገት መዘግየት በዛ ብሎ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ጠፍጣፋነቱ አእምሮን ጎዳ ማለት ግን አይደለም። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ የዘገየ ልጅ ራሱ በአንድ ጎን ተኝቶ ስለሚውል ነገሩ ተገላቢጦሽም ሊሆን ይችላል። ለእኔ ቁም ነገሩ ምልክቱ ነው፤ ያየ ሰው እድገቱንም ይከታተላል። አልፎ አልፎ ደግሞ የራስ ቅል መገጣጠሚያ ያለጊዜው ተዘግቶ ይገኛል። እሱ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ስለሚችል ሐኪም መለየት አለበት።

በሆድ አስተኙ በሉልን እያልኩ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከጀመረች በኋላ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጠፍጣፋ ጭንቅላት ግን በዛ። መፍትሔው ሲተኛ በጀርባው፣ ነቅቶ ሰው እያየው በሆዱ ማድረግ ነው። አንቀልባም ያግዛል፤ ጭንቅላቱን ከፍራሽ ያሳርፍለታል። የጭንቅላት ቅርጽ ለማስተካከል ሕፃናት የሚያደርጉትን ውድ ሄልሜት አስመጡልንም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የሆላንድ ጥናት ሄልሜት ባደረጉና ባላደረጉ ልጆች መካከል በ2 ዓመታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ቤት ለቤት የምትልኳቸው ባለሙያዎች ይህን ለእናቶች ቢያሳዩ፣ ክትባት ካርዱ ላይም «ጭንቅላትና አንገት ታይቷል» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃናል። ነርሶቹ ወረፋ እንደሚያጨናንቃቸው አውቃለሁ፤ ግን ሕፃኑ እጃቸው ላይ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር