ሜልቪል ብዕሩን አልሰቀለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እንደደከመበት ያስታውቃል፤ ይሁን እንጂ ሰውየው ስለ ዓሣ ነባሪ አደን የሚተርከው «ሞቢ ዲክ» የተሰኘ ልቦለዱ አልሸጥ ቢለው ብዕሩን ሰቅሎ የጉምሩክ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ የሚለው ድምዳሜ ሜልቪልን ይበድለዋል ብዬ ስላመንኩ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሜልቪል ከኪሳራ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። ነጋዴው አባቱ ዕዳ ጥሎ በ1832 ሲሞት እሱ የ12 ዓመት ልጅ ነበርና ትምህርቱን አቋርጦ ባንክ ቤት በጸሐፊነት ገባ። በ1841 በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተሳፈረ፤ በ1846 ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉም ስሙን አስጠራለት። በ1851 የታተመው «ሞቢ ዲክ» ግን አልቀናውም። በአሜሪካው እትም ላይ ያለው መደምደሚያ፣ ማለትም ተራኪው መርከቧ ስትሰጥም እንዴት እንደተረፈ የሚነግረው ክፍል፣ ከለንደኑ እትም ተዘልሎ ስለነበር፣ እዚያ ያሉ ሐያስያን ሁሉም ከሞቱ ታሪኩን ማን አወራው እያሉ ደራሲውን ባልሠራው ጥፋት ወቀሱት። በ1853 ደግሞ የአሳታሚው የሐርፐር ማተሚያ ቤት ሲቃጠል ያልተሸጡ መጻሕፍቱ አብረው ነደዱ።

በ1866 መጨረሻ በኒውዮርክ ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ በቀን 4 ዶላር ተቀጠረ። ዓመት ሳይሞላው የበኩር ልጁ ማልኮም በ18 ዓመቱ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በጥይት ሞቶ ተገኘ። ሜልቪል ግን ያንን ሥራ 19 ዓመት ሠራው።

እኔ ጡረታ የወጣሁት እዚሁ ጅማ ከቡና መጋዘን ነው፤ ጆንያ ሲያስመዝንና ፈረሱላ ሲመዘግብ የዋለ እጅ ማታ ለዘመድ ደብዳቤ ለመጻፍ እንኳ እንደሚለግም አውቃለሁ። ይህ ሰው ከመርከብ መርከብ ጭነት ሲፈትሽ እየዋለ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስንኞች ያሉትን፣ ወደ ቅድስት አገር ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከውን «ክላሬል» የተሰኘ ግጥም ጨረሰ። በ1876 የታተመው አጎቱ በሰጡት ገንዘብ ነበር፤ በ1879 ያልተሸጡት ቅጂዎች በራሱ ፈቃድ እንዲወገዱ ተደረገ። ብዕር መስቀል ቢያምረው ኖሮ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የሚያገኝ አይመስለኝም።

በ1885 መጨረሻ ሥራውን በለቀቀ በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛው ልጁ ስታንዊክስ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አረፈ። አባትየው ከዚያም በኋላ በ1888 እና በ1891 እያንዳንዳቸው 25 ቅጂ ብቻ የታተሙ ሁለት የግጥም መድበሎች አወጣ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1891 ሲሞትም «ቢሊ በድ» የተባለው ልቦለድ ገና በእጁ ላይ ነበር። ረቂቁ ቤተሰቡ ዘንድ ቆይቶ በ1919 ሬይመንድ ዊቨር የተባለ ተመራማሪ አገኘውና በ1924 ታተመ። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ደራሲው ከሞተ በኋላ ስለ እሱ ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ኸርማን የሚለውን ስሙን ሳይቀር «ሃይረም» ብሎ ስቶት ነበር።

እናንተም በሚቀጥለው እትማችሁ «ብዕሩን ሰቀለ» የሚለውን እንድታርሙ፣ ቦታ ከተገኘም ዓምደኛችሁ ስለ «ቢሊ በድ» እንዲጽፍልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ