ይድረስ ለአባዬ፣ ከሬይዋ 7ኛው ዓመት

ካትሱሺካ፣ ቶኪዮ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለእማዬ፣ ለሙሽራዋ እህቴና ለመላው ቤተሰብ። ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ለዛሬው ባለ ዕለት ለቅዱስ ገብርኤል ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በዚሁ ላሳጥር፤ ደብዳቤውን የሚያደርሰው ልጅ ነገ ማታ ይበራል፣ እኔም የሌሊት ተረኛ ነኝ። እታለም፣ እንደ ልማድሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አባዬ፣ መውደቅዎን የሰማሁት ከእናንተ አይደለም። አንድ ጎረቤት ደውሎ «አባትህ አሁን እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ምን ሆነው?» ስለው ዝም አለ። ከዚያ ነው ጤፍ ተሸክመው የወፍጮ ቤታችን ደፍ ላይ እንደ ወደቁ፣ ሦስት ሳምንትም እንደ ተኙ የነገረኝ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ የጠፋው ለዚህ ነው። ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ግን እኔስ ስንቱን ነገር «ሁሉም ሰላም ነው» እያልኩ አልፌላችኋለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይቅር በሉኝ። በስልክ እንዳልናገረው ደግሞ ድምፅዎን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ማታ ማታ እግራቸውን ቅባት የምቀባቸው አንድ አዛውንት አሉ። መቼ ተወለዱ ሲባሉ «ሾዋ 8» ይላሉ። እዚህ አገር ንጉሥ ሲነግሥ ለዘመኑ ስም ይወጣለታል፣ ዓመቱም እንደገና ከአንድ ይቆጠራል። እርስዎ እኔን «በዘመነ ማርቆስ»፣ ራስዎን ደግሞ «ጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ ባከበሩበት ዓመት» እንደሚሉት ማለት ነው። ድሮማ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም ጅራታም ኮከብ ሲታይ እንኳ የዘመኑን ስም ይለውጡ ነበር፤ ለአንድ ንጉሥ አንድ ዘመን የሆነው ከንጉሥ ሜይጂ ወዲህ ነው። ያንን ስሰማ «የኅዳር በሽታ ዓመት» እያሉ የሚያወሩልን ትዝ አለኝ። የአዛውንቱ እግር የእርስዎን እግር ይመስላል፤ ተረከዙ ተሰንጥቋል፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። አንድ ማታ የእርስዎን ልደት አስልቼ ነገርኳቸው፤ ጥቅምት 1948 በእነሱ ሾዋ 30 ነው። «ታዲያ ገና ልጅ ናቸዋ!» አሉኝ። እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ። ቅባቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳቸው።

እኔ እዚህ የገባሁት በሚያዝያ 2011 ነው፤ በእነሱ ሄይሴይ 31። ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። ብቻዬን፣ አገሩ ሁሉ ለዐሥር ቀን ሥራ ዘግቶ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንቁላል ቀቅዬ ፈሰክሁ። ሚያዝያ 22 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለቀቁ፤ በማግስቱ በጊዮርጊስ ዕለት ልጃቸው ናሩሂቶ ነገሡና ሬይዋ 1 ተባለ። ስሙን ከጥንት ግጥሞቻቸው ነው ያወጡት፣ ውብ ስምምነት እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሬይዋ ማለት ለእኔ ከእናንተ የራቅሁበት ዕድሜ ነው። በየሌሊቱ የሥራ መዝገቡ ላይ ሬይዋ 7 ብዬ ስጽፍ፣ ሌላው ሰው የንጉሡን ዘመን ነው የሚጽፈው፤ እኔ ግን እማዬ በር ላይ ቆማ ካየኋት ወዲህ ያለውን እቆጥራለሁ። ሁለት ዓመት ብዬ ነበር የወጣሁት። ከአራት ቀን በኋላ 8 ልጽፍ ነው። «ረስቶናል» ያለችው አክስቴም ይህን ትስማልኝ፤ በኮሮና አገሩ ተዘግቶ ነበር፣ ከዚያም የመኖሪያ ወረቀቴ ነገር አለ፤ የረሳሁ ግን አይደለሁም።

አባዬ፣ ልነግርዎ የፈለግሁት ስለ አሮጌው ንጉሥ ስለ አኪሂቶ ነው። ያውቋቸዋል። ጃንሆይ በኅዳር 1949 ጃፓንን ሲጎበኙ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ በክብር የተቀበላቸው የመጀመሪያው የውጭ መሪ እሳቸው እንደ ነበሩ ከአያቴ ሰምተው ነግረውኛል። አኪሂቶም አልጋ ወራሽ ሳሉ ከባለቤታቸው ከሚቺኮ ጋር በ1953 አዲስ አበባ መጥተዋል፤ በኅዳር፣ የታኅሣሥ ግርግር ሊነሣ ወር እንኳ ሳይቀረው። ለ30 ዓመት ከነገሡ በኋላ በ85 ዓመታቸው በሕይወት እያሉ ለልጃቸው አስረከቡ። በጃፓን እንዲህ ያለ ነገር ከታየ 202 ዓመት ሆኖት ነበር። ሕጉ ንጉሥ እስኪሞት ይነግሣል ነው የሚለው፤ «ልውረድ» ብለው በአደባባይ መጠየቅም አይችሉም። በነሐሴ 2008 በቴሌቪዥን ቀርበው ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ሥራዬን እንደ ዱሮው በሙሉ ጉልበቴ መወጣት እንዳይከብደኝ እሰጋለሁ አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሕዝቡ ገባው። ፓርላማውም በሰኔ 2009 ለእሳቸው ብቻ የሚያገለግል ልዩ ሕግ አወጣ። የሥንብቱን ሥርዓት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ሲጨርሱ ከመድረኩ ወረዱና ዞረው የሚቺኮን እጅ ይዘው አወረዷቸው። እማዬንና እርስዎን አሰብኩ።

ወርደውም ክብራቸው አልቀነሰም። «ጆኮ» የሚባል ማዕረግ አላቸው። ንጉሥን በስሙ የሚጠራ የለም፣ «ተንኖ ሄይካ»፣ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት እንደ ማለት፣ ነው የሚባለው። የእኛ ነገሥታት ሲነግሡ ስም እንደሚቀይሩ፣ ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ እንደ ተባሉት፣ የእነሱ ግን ሲያርፉ ነው የዘመናቸው ስም ስማቸው የሚሆነው። የአኪሂቶ አባት ሂሮሂቶ ዛሬ ሾዋ ነው የሚባሉት። የሾዋ 64ኛው ዓመት ሰባት ቀን ብቻ ነበር፤ በሰባተኛው ቀን አረፉ። አባቱ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከዙፋናቸው ሳይወርዱ ሄዱ፣ ልጁ ግን በቃኝ አሉ።

እርስዎም በቃኝ ይበሉ፣ አባዬ። ድንጋዩን ወንድሜ ይውቀረው፣ ቺንጋውንም እሱ ይቀይረው። ኩንታል መሸከም ይቅር። እርስዎ በሩ ላይ ተቀምጠው ሰው ያጫውቱ፤ ገበያተኛውም የሚመጣው እርስዎን ብሎ ነው። «የበኩር ልጄ አንተ ነህ፣ መጥተህ ተረከበኝ» ቢሉኝ መልስ የለኝም። የአኪሂቶ በኩር አጠገባቸው ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው የምለምንዎ።

እታለም፣ ከዚህ በታች ያለውን ለብቻሽ አንብቢው።

የላክሁት ገንዘብ ሁለት ቦታ ይከፈል። ግማሹ የሠርግሽ ነው፤ ግማሹን ግን ዳስ ላይ እንዳታውሉት፣ ለወገባቸው ምርመራ ነው። «ሠርጉ ይለፍና እሄዳለሁ» ይሉሻል፤ አትስሚያቸው፣ ከጥር 17 በፊት ይታዩ። ከየት አመጣኸው ብለሽ አትጠይቂኝ። ተጨማሪ ሌሊት ወስጄ ነው፣ ሥራው ደግሞ ቀላል ነው፣ አልጋ ማንጠፍና ሰው ማገላበጥ ነው። ሙሽራውን በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው፤ ድምፁ ግን ደስ ይላል፣ ሳይቸኩል ነው የሚያወራው። ጠልፈሽ የጨረስሽውን ጥለት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ስታለቅሺ ማን እቅፍ እንደሚያደርግሽ አስባለሁ። እኔ ነበርኩ መሆን የነበረብኝ።

በፖስታው ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልኩት ቢጫ ሳንቲም አለ፤ አምስት የን ነው። በዋጋው ምንም አይገዛም። እዚህ ግን አምስት የን በቋንቋቸው «ጎኤን» ሲባል ሰውን ከሰው የሚያገናኝ መልካም ዕጣ ማለትም ስለሚሆን ለምርቃት ይሰጡታል። ፊቱን ስታይው ያጎነበሰ የሩዝ ዘለላ አለ፣ ከሥሩ ውሃ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ጥርሳም ጎማ። እህል፣ ውሃና ጎማ፤ ወፍጮ ቤታችንን ነው የመሰለኝ። በጀርባው ሬይዋ 1 ተብሎ ተጽፏል፤ እነሱ የመጀመሪያውን ዓመት «አንድ» አይሉትም፣ «መነሻ» ነው የሚሉት። የመጣሁበት ዓመት ሳንቲም ነው፣ እስካሁን ከኪሴ አልወጣም።

ላንቺ ልሰጥሽ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ግን ለአባዬ ይሁን፣ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያሰሩበትን ክር ታውቂዋለሽ። ቁልፉን ለወንድማችን ሲሰጡ ክሩ ባዶውን እንዳይቀር ሳንቲሙን አስገቢበት፣ ቀዳዳው ይበቃዋል። ያን ዕለት ደውይልኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሣዋለሁ።

ወንድምሽ